ጣሳው፣ ሚዛኑ ወይስ መስታወቱ? በድሬዳዋና በሐረር የድሮ ሳንቲም ለሚፈልግ

ድሬዳዋና ሐረር ላይ የድሮ ሳንቲም የሚገዛው ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው አሮጌ ቁልፍ፣ የቆመ ሰዓትና ቻርጀር የሚሸጡ ሰዎች ጋ ነው። እዚያ ሳንቲሙ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ተደባልቆ ይቀመጣል። ሁለተኛው ብር አንጥረኛ ጋ ነው፤ እሱ በግራም መዝኖ ይሸጣል። ሦስተኛው ጀጎል ውስጥ ያሉት የጥንት ዕቃ ሱቆች ናቸው። እነሱ ጋ ሳንቲሙ መስታወት ስር ተሰድሮ፣ ከነታሪኩ ነው የሚጠብቃችሁ።

የቱ ይሻላል? እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ገንዘቡ ትንሽ የሆነና መማር የሚፈልግ ሰው ጣሳው ላይ ይጀምር። አንድ ከባድ፣ የሚያምር የብር ሳንቲም ቤቱ ማስቀመጥ የሚፈልግ ደግሞ አንጥረኛው ጋ ይሂድ። መስታወቱ ለመጨረሻ ይቆይ። ሱቆቹ ሁሉ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ዓይኑ ያልሰላ ሰው እዚያ የሚከፍለው ለወሬው ስለሆነ ነው።

ጣሳው እዚህ አገር ከሌላው ቦታ የተሻለ የሆነበት ምክንያት አለ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917። በዚህ መሀል የግሪኩ፣ የአርመኑ፣ የህንዱና የየመኑ ነጋዴ ድሬ ላይ ሱቅ ከፍቶ ቤት ሠርቷል። ሐረር ደግሞ ከዚያ በፊትም የራሷ ገንዘብ ነበራት። አሚሮቹ መሐለቅ ያስመቱ ነበር። ግብፆች ከ1875 እስከ 1885 ከተማዋን ይዘው ቆይተዋል። ጣልያን አምስት ዓመት ሊሬውን በትኗል። እሱን ያስወጣው እንግሊዝ የምስራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዞ ገብቷል። ይሄ ሁሉ ሲሄድ ዝርዝሩን ይዞ አልሄደም፤ በየቤቱ ሳጥንና መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ቤት ሲፈርስ ወይም ዕቃ ሲሸጥ ወደ ጣሳው ይገባል።

ጣሳው

ከመቆፈራችሁ በፊት ዋጋ ጠይቁ። መጀመሪያ አንድ ሳንቲም መርጣችሁ ካነሳችሁ በኋላ ብትጠይቁ ዋጋው በፊታችሁ ይጻፋል። ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦

"እናቴ፣ ከዚህ አንዱ ስንት ነው?"

"እንደ ሳንቲሙ ነው የኔ ልጅ። ነጩ ይወደዳል።"

"ቀዩስ?"

"አቦ ቀዩን ዝም ብለህ ውሰደው!"

ይቺን ልዩነት ያዙልኝ። ሻጩ ነጩን ሁሉ ብር ነው ብሎ ያስባል። ጣሳ ውስጥ ያለው ነጭ ግን አብዛኛው ኒኬል፣ አሉሚኒየም ወይም እስቴንለስ ነው። ቀዩ መዳብና ነሐስ ነው። ማንም አይፈልገውም፤ ታሪኩ ግን እሱ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ነጩን በማግኔት ፈትኑ። ከአሮጌ ስፒከር የወጣች ትንሽ ማግኔት ትበቃለች። የያዘችው ነጭ ሳንቲም ብር አይደለም፣ አለቀ። ያልያዘችው ግን የግድ ብር ነው ማለት አይደለም፤ አሉሚኒየምም መዳብ የተቀላቀለበት ኒኬልም አይያዝም። አሉሚኒየም መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ክብደት ስለሌለው ወዲያው ይታወቃል።

ማግኔቷ አንዳንዴ የምታስገርም ነገር ታወጣለች። በ፲፱፻፳፫ (1923) ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተመቱት ሳንቲሞች ትንንሾቹ ከመዳብ፣ 10፣ 25 እና 50ዎቹ ከኒኬል ናቸው። ኒኬል በማግኔት ይሳባል። ነጋዴው "ብር አይደለም" ብሎ ካረከሰላችሁ አትከራከሩት፤ እውነቱን ነው። እናንተ ግን ውሰዱት። ከጣልያን በፊት የተመታ የአገራችሁ ሳንቲም በዝርዝር ዋጋ ሁልጊዜ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዓመት ማንበብ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ከአንድ ጣሳ 1936 የሚሉ ሦስት ሳንቲሞች ሊወጡ ይችላሉ፤ ሦስቱም ግን የተለያየ ነገር ናቸው።

የመጀመሪያው የጣልያን ነው። በአንድ በኩል የቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ ምስል አለ። ዙሪያውን ስታነቡ "ንጉሥ" ብቻ ሳይሆን "ንጉሠ ነገሥት" የሚል ማዕረግም ተጨምሮበታል። ሙሶሊኒ አዲስ አበባን ይዣለሁ ብሎ ግዛቱን ያወጀው በግንቦት 1936 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማዕረጉ የመጣው በእኛው አገር ላይ ነው ማለት ነው። ከ1936 አጠገብ በሮማ ቁጥር 14 የሚል ታገኛላችሁ። የፋሽስት ዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከ1922 ይጀምራል። በኋላ የመጡት ነጮቹ፣ ከ1939 ጀምሮ ያሉት፣ እስቴንለስ ናቸው። ከእነሱ አንዳንዱን ማግኔት ይይዘዋል፣ አንዳንዱን አይይዘውም። መልካቸው ግን አንድ ነው።

ሁለተኛው መሀሉ የተበሳ ነሐስ ነው። የምስራቅ አፍሪካ 5 ወይም 10 ሳንቲም። በአንድ በኩል ቀዳዳውን የከበቡ የዝሆን ጥርሶች አሉ። በሌላ በኩል ዘውድና የንጉሥ ስም። ስሙን በደንብ እዩት። "ጆርጂየስ" ካለ ተራ ነው። "ኤድዋርደስ ስምንተኛ" ካለ ግን ቁሙ። ኤድዋርድ ስምንተኛ ነግሦ ዓመት ሳይሞላው በታኅሣሥ 1936 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን የለቀቀው የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። በራሱ አገር በእሱ ምስል የተመታ ሳንቲም ለገበያ አልወጣም። ምስራቅ አፍሪካ ላይ ግን ሳንቲሙ መሀሉ ቀዳዳ ስለሆነ ምስል አያስፈልገውም፤ ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ተመታ፣ ወጣ፣ ተዘረዘረም። እንግሊዞች ሲመጡ ሽልንጉ እኛም ጋ ገባ። በብዛት ስለተመታ ውድ አይደለም። ለእኔ ግን ከጣሳ ከሚወጣ ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ከዓመቱ በታች በላቲን "ኤች" ወይም "ኬኤን" የሚሉ ፊደላት ካሉ በርሚንግሃም ባሉ የግል ማተሚያዎች የተመታ ነው፤ ፊደል ከሌለው ለንደን።

ሦስተኛው የእኛው ነው። ፲፱፻፴፮ ይላል። ያ ግን በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ በፈረንጆቹ ከ1943 እስከ 1944 ይሆናል፤ ጣልያን ከወጣ በኋላ። ለጀማሪ ከሁሉም የሚያምታታው ይሄ ነው። የተመታው አሜሪካ ፊላደልፊያ ነው። ከዚያ ወዲህም ዓመቱ ሳይቀየር ለአስርተ ዓመታት ሲመታ ኖረ። ስለዚህ "የ1936 ነው፣ ብርቅ ነው" የሚላችሁን በፈገግታ እለፉት። ከእነዚህ ውስጥ ለይታችሁ የምታስቀምጡት ስሙኒውን ነው። ስሙኒው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ድፍን ክብ፣ ሌላው ጠርዙ የተወዛወዘ። መጀመሪያ የወጣው ክቡ ነበር። መጠኑ ከእኛው የብር ሽልንግ (ከ50 ሳንቲሙ) ጋር ስለሚቀራረብ ሰዎች ነጭ ቀብተው በሽልንግ ዋጋ ይመነዝሩት ጀመር። መንግሥት ቅርጹን የቀየረው ለዚህ ነው። ክቡን ካገኛችሁ፣ በተለይ ነጭ ቅብ የቀረበት ከሆነ፣ አትልቀቁት። የአጭበርባሪው እጅ ያለበት ሳንቲም ነው። ሽልንጉ ራሱ፣ 50 ሳንቲሙ፣ እውነተኛ ብር ነው፤ 7 ግራም ያህል ይመዝናል፣ 80 ወይም 70 በመቶው ብር ነው።

፲፱፻፷፱ (1969) የሚሉት የደርግ ናቸው። ዓመቱ እነሱም ላይ ቆሞ ነው የቀረው። ለጊዜው እዚያው ጣሳው ውስጥ ይቆዩ።

የጅቡቲዎቹን ለመለየት ዓመት እንኳን አያስፈልግም፤ የአገሩ ስም ይበቃል። "የፈረንሳይ ሶማሊ ጠረፍ" የሚለው እስከ 1967 ነው። "የአፋርና የኢሳ ግዛት" የሚለው እስከ 1977። ከዚያ ወዲህ "የጅቡቲ ሪፐብሊክ"። ትንንሾቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ ባለ ረጅም ቀንዱ ሳላ አለባቸው። ዋጋቸው ቤሳ ቤስቲን ነው። ግን ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ልጅ የጅቡቲን ታሪክ ያለ መምህር ይማራል።

የዐረብኛው ጽሑፍ ያስፈራል፤ ቁጥሩን መልመድ ግን አንድ ከሰዓት ይበቃል። ዜሮው ነጥብ ነው። አምስቱ ክብ ነው። ስድስቱ የምናውቀውን 7 ይመስላል። ሰባቱ ወደ ላይ የተከፈተ ሹል ነው፤ ስምንቱ ወደ ታች። ድሬና ሐረር ላይ ደግሞ ቁርአን ቤት የገባ ሰው ከአጠገባችሁ አይጠፋም፤ ጠይቁ። ዓመቱ በሂጅራ ነው። ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ በ0.97 አባዙና 622 ደምሩ። በግብፅና በቱርክ ሳንቲሞች ላይ በጣም የሚደጋገመው 1293 ነው። ሂሳቡ 1876 ይሰጣል። ይሄ ግን ሳንቲሙ የተመታበት ዓመት አይደለም፤ ሱልጣን አብዱልሐሚድ ዙፋን የያዘበት ነው። ሌላ ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ቁጥር ፈልጉ። እሷ በነገሠ በስንተኛው ዓመት እንደተመታ ትነግራችኋለች። 10 ካለች ከ1884 እስከ 1885 ነው። ያን ጊዜ ሐረር ላይ የግብፅ ወታደር ነበር።

ሚዛኑ

አንጥረኛው ጋ የምትሄዱት ለሁለት ነገር ነው፤ ለማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ላለበት የድሮ የብር ገንዘብ) እና ለህንድ ሩፒ። አንዳንዴ የምኒልክ ብርም ይገኛል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ወሬ የለም፣ ሚዛን አለ። የዕለቱን የብር ዋጋ በግራም ጠይቁና ራሳችሁ አስሉት። ማርትሬዛ 28 ግራም ትመዝናለች፤ ከዚያ 23.4 ግራሙ ንጹህ ብር ነው። የምኒልክ ብር ከእሷ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የቀድሞው የእንግሊዝ ህንድ ሩፒ 11.66 ግራም ነው፤ 10.7 ያህሉ ንጹህ ብር። ሩፒው ከ1940 እስከ 1945 ያለው ከሆነ ግን ብሩ ወደ ግማሽ ወርዷል። የምስራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነጭ ሆኖ ቢያብረቀርቅም ብሩ ቢበዛ ሩብ ነው፤ 2 ግራም አይሞላም። ለእሱ በብር ዋጋ አትክፈሉ።

ጉዳቱ? አንጥረኛው ጋ የሚመጣው ሳንቲም ብዙ ጊዜ አንገት ላይ የኖረ ነው። ቀለበት የተበየደበት፣ የተበሳ፣ ጠርዙ የተሞረደ። ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል። ለእኔ ግን የሐረር ሴት ያጌጠችበት ማርትሬዛ ከመሳቢያ ከወጣው አያንስም። ቀለበቱን አታስነቅሉ፤ የባሰ ይበላሻል።

ስለ ማርትሬዛ አንድ ነገር ልቋጭ። ሁሉም 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ነጋዴው ሌላ ዓመት አልቀበልም ስላለ፣ ከዚያ ወዲህ የተመታው በሙሉ 1780 ሆኖ ቀረ። ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሁሉ መትተውታል። ሙሶሊኒ ለጦርነቱ ሲዘጋጅ በ1935 መብቱን ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ አስመታው፤ እንግሊዞችም ተከትለው የራሳቸውን መቱ። ስለዚህ "ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል" የሚባለውን ለዋጋ አትቀበሉ። ብሩ እውነተኛ እስከሆነ ድረስ ዳግም መመታቱ ሐሰተኛ አያደርገውም። የድሮ ነጋዴ ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር፤ ዘጠኝ መሆን አለባቸው። ጠርዙ ላይ ደግሞ በላቲን "ፍትሕና ምሕረት" የሚል ጽሑፍ ጎልቶ ይነካል። ጣታችሁን አዙሩበት። ጠርዙ ለስላሳ ከሆነ ወይም ዙሪያውን የሚሄድ የስፌት መስመር ካለው፣ በሻጋታ የተቀዳ ነው።

ከሁሉም የምተማመንበት ግን የውሃ ፈተና ነው። አስረኛ ግራም የምታነብ ትንሽ የጌጥ ሚዛን ላይ ሳንቲሙን የሚያሰጥም ውሃ ያለበት ስኒ አስቀምጡና ዜሮ አድርጓት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ታችም ጎንም አይንካ። ሚዛኗ ከ2.7 እስከ 2.8 ግራም ካሳየች ብሩ ልክ ነው። 3.1 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየች በእጃችሁ ያለው መዳብና ኒኬል ነው፤ 28 ግራም ቢመዝንም። ቀለበት የተበየደበት ከሆነ ግን ሁለቱም ቁጥር ይለወጣል። ክብደቱን ያሳየው ቁጥር በውሃው ቁጥር ሲካፈል 10 አካባቢ መምጣት አለበት። አንጥረኛው ይሄን ስታደርጉ አይቀየምም። እንዲያውም ስኒውን እሱ ያቀርብላችኋል።

መስታወቱ

ጀጎል ውስጥ ያሉት ሱቆች የሚያምሩ ናቸው። ሻጮቹ ጨዋዎች፣ ሻዩ ጥሩ። ችግሩ እዚያ በብዛት የሚቀርብላችሁ የምኒልክ ብር መሆኑ ነው፤ በብዛት የሚጭበረበረውም እሱ ነው። አንድ ብሩ ላይ በብዛት የምታገኙት ዓመት አራት ነው፦ ፲፰፻፹፯ (1887)፣ ፲፰፻፹፱ (1889)፣ ፲፰፻፺፪ (1892) እና ፲፰፻፺፭ (1895)። ሁሉም በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የተመታውም ፓሪስ ነው። ሌላ ዓመት ካያችሁ "አመሰግናለሁ" ብላችሁ ሻያችሁን ጨርሱ። ጠርዙ ላይ "ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር" የሚለው ጎልቶ መነበብ አለበት። በአንበሳው ጎፈር ላይ ፀጉሩ አንድ በአንድ መለየት አለበት። ሳንቲሙ አርጅቶ ከለሰለሰ፣ የሚለሰልሰው ጎላ ያለው ቦታ ነው፤ የንጉሡ ጉንጭ፣ የአንበሳው ትከሻ። ጎድጓዳው ፊደል ሳይቀር የሟሟ ሳሙና ከመሰለ ግን በሻጋታ የተቀዳ ነው።

መስታወቱ ስር የምኒልክን ነገር ከፈለጋችሁ ትንንሾቹን ጠይቁ። አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብ፣ ተሙን (የብር ስምንተኛ)፣ ግርሽ። ግርሹ 1.4 ግራም ብቻ ነው፤ ከጣት ጥፍር ብዙ አይበልጥም። አስመሳይ ልፋቱን የሚያፈሰው ትልቁ ላይ ስለሆነ ትንሹን ሳስብ እንቅልፌን እተኛለሁ። ዋጋውም ያው ይቀንሳል።

መሐለቅ ነው የሚባል ትንሽ ሳንቲም ካቀረቡላችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ጎብኙ። እውነተኛውን ዕቃ በዓይን ማየትን ፎቶ አይተካውም። የአክሱም ሳንቲም ወይም "ከመሬት የወጣ" የሚባል ነገር ከሆነ ግን ዋጋ እንኳን አትጠይቁ። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ያለው ሐርላ ላይ ገበሬው ከማሳው የሩቅ አገር ሳንቲም ሲያገኝ ኖሯል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. አርኪዮሎጂስቶች እዚያው የ12ኛውን ክፍለ ዘመን መስጊድ አግኝተዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አንድ ሳንቲም የተገኘበት ጥልቀት ከሳንቲሙ ይበልጣል። ከተሸጠ ያ ጠፋ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከመሬት የወጣ ቅርስ የሕዝብ መሆኑን ያስቀምጣል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ያስጠይቃል። ዘመድ ከውጭ መጥቶ "ስጦታ ግዙልኝ" ካለ ከጣሳው ግዙለት።

ስልክ ወይስ ካታሎግ?

በስልክ ፎቶ አንስቶ መፈለግ ለጣልያኑና ለእንግሊዙ በደንብ ይሠራል። ያረጀ ቀይ ሳንቲም ላይ ግን ይወናበዳል። የግዕዝ ቁጥር ሲያይ ደግሞ ጭራሽ ሌላ አገር ይሰጣችኋል። ኑሚስታ የሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካታሎግ ይሻላል፤ በአገር፣ በዓመትና በክብደት መፈለግ ይቻላል። ክብደት ስትመዝኑ ግማሹ ሥራ አለቀ። ኢንተርኔት ላይ "ለሽያጭ" ተብሎ የተለጠፈ ዋጋ ግን ዋጋ አይደለም፤ ምኞት ነው። የተሸጠበትን ፈልጉ።

ለማጠብ ውሃና ሳሙና፣ በጨርቅ ጠብ ጠብ አድርጎ ማድረቅ። ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና የሚባል ነገር አይንካው። ሻጩ "ላጽዳልህ" ብሎ አሸዋ ሲያነሳ እጁን ያዙት። የጠቆረ ብር ጥቁረቱ ዕድሜው ነው፤ የተፋቀ ሳንቲም ግን ለገዢ ግማሽ ዋጋው ሄዷል።

የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥም አታስቀምጡ። ድሬ ሙቀት ላይ ፕላስቲኩ ይልባል፤ መዳቡ አረንጓዴ ያወጣል። ተራ የወረቀት ፖስታ ይበቃል። ላዩ ላይ የት እንደገዛችሁ፣ በስንት እንደገዛችሁና ስንት ግራም እንደመዘነ በእርሳስ ጻፉበት።